ባለ 50 ሜትሩ ጥቅል ኬብል፦ ለሜዳ ድግስ ይሆናል?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ብረት እግር ያለው፣ አራት ፕሬዛ የያዘ ባለ 50 ሜትር ጥቅል ኬብል እንደ ልብ ይገኛል። ድንኳን ተካዩም፣ ሳውንድ አከራዩም፣ ዲኮር ሠሪውም ይይዘዋል። ላዩ ላይ 3×2.5 ተጽፎበታል፤ ሦስት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው። ጽሑፉን ማመን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንኑ ልባስ ለብሶ ውስጡ 1.5 የሆነ ወይም መዳብ የተቀባ አልሙኒየም የሆነም አለ።

እዚህ የተፈተሸው ጥቅል አላጭበረበረም። ጫፉ ተልጦ ጥቂት ክር በቢላ ሲፋቅ ውስጡም ቀይ ነው። ነጭ ቢያሳይ ሻጩ ጋ መመለስ ነበር። ፌዝና ኒውትራሉ (ኃይል የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) በአንድ ጫፍ ተገናኝተው በሌላው ጫፍ በመልቲሜትር ሲለኩ 0.8 ኦም አካባቢ ይመጣል፤ ደርሶ መልስ 100 ሜትር የሆነ እውነተኛ 2.5 የሚሰጠው ይህንኑ ነው። 1.3 ካሳየ የተሸጠው 1.5 ነው። የመልቲሜትሩ የራሱ ሽቦ ንባቡን ከፍ ስለሚያደርግ በቅድሚያ ሁለቱን ጫፎች አጋጥሞ የሚታየውን መቀነስ ያስፈልጋል።

የከፋው ከፕሬዛው ጀርባ ነው። ክዳኑ ሲፈታ ቢጫና አረንጓዴው የግራውንድ (የመሬት) ሽቦ በብሎኑ የተያዘው በግማሽ ክሩ ብቻ ነው፤ ቀሪው ተበታትኖ ውጭ ቀርቷል። ከአንድ ድግስ መጎተት በኋላ ግራውንድ የለም ማለት ነው። ቆርጦ፣ አዲስ ልጦ፣ ክሩን አጠማዞ በደንብ ማሰር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሳይፈቱ ሥራ ላይ ማዋል አይገባም።

በጎኑ ያለው ጽሑፍ እንደተጠቀለለ 1000 ዋት፣ ሙሉ ተዘርግቶ 3500 ዋት ይላል። ሰው የሚያየው ሁለተኛውን ነው። የተጠቀለለ ኬብል ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም፤ ድሬ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ኬብሉ የሚሸከመው ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ኬብሉ ከመጠን በላይ ሲሞቅ መስመሩን የምትቆርጠው የጥቅሉ ቀይ ቁልፍ ዘላ ስትወጣ መፍትሔው ኬብሉን መዘርጋት ነው። ደጋግሞ መጫን ልባሱን ያቀልጠዋል።

አሁን ዋናው ጉዳይ፦ ይህን ኬብል ከጄኔሬተር እስከ ድንኳን ዋና መስመር ማድረግ። 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ 16 አምፔር ይስባል። በ50 ሜትር 2.5 ላይ 14 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ 220 የነበረው 206 ይሆናል፣ የምጣዱ ጉልበትም በ13 በመቶ ያህል ይወርዳል። ዓይን ያላወጣ እንጀራ ሲመጣ ሊጡ ይታማል። ሁለት ጥቅል ተቀጥሎ 100 ሜትር ከሆነማ ኪሳራው እጥፍ ነው።

ለሰፊ ሜዳ የሚያዋጣው ዋናውን መስመር ማወፈር ነው። ለ100 ሜትርና በእያንዳንዱ ፌዝ ለ32 አምፔር፣ ባለ አምስት ሽቦ (ሦስት ፌዝ፣ ኒውትራልና ግራውንድ) 10 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ በፌዞቹ መካከል ካለው 380 ቮልት የሚያጠፋው 12 ቮልት ያህል ብቻ ነው። በ4 ካሬ ቢሠራ 30 ቮልት ይጠፋል። መስመሩ ድንኳኑ አጠገብ ፓነል (የብሬከር ሣጥን) ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ባለ 16 አምፔር ስድስት ብሬከር፣ በፌዝ ሁለት ሁለት። ሳውንድ ለብቻው፣ መብራት ለብቻው፣ ፍሪጅና ቡና ለብቻቸው። ምጣድ ካለ የራሱ 4 ካሬ መስመርና የራሱ 20 አምፔር ብሬከር ይሰጠዋል። ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲም (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ) ለእያንዳንዱ መስመር መሆን አለበት። ለሁሉም አንድ ከሆነ አንድ እርጥብ ማንቆርቆሪያ ሙሽሮቹን ጨለማ ውስጥ ይተዋል። የዋናው ኒውትራል ብሎን ከሁሉም በላይ ጠብቆ ይታሰር፤ ከተላቀቀ አንዳንዱ ፕሬዛ ላይ ከ300 ቮልት በላይ ሊመጣ ይችላል፣ የመጀመሪያው ሟችም አምፕሊፋየሩ ነው።

ጥቅሉ ቦታው ከፓነሉ በኋላ ነው፦ እስከ 25 ሜትር፣ እስከ 10 አምፔር። እዚያ 4.5 ቮልት ብቻ ያጠፋል፤ ለዚያ ሥራ ጥሩ ዕቃ ነው። ሻጩ ባለ 25 ከሌለው ባለ 50ውን ከመሃል ቆርጦ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ጥሩ ስፒናና ፕሬዛ መግጠም ይቻላል።