አንዲት ናሙና ትበቃለች ወይስ ወደ ወንዙ እንመለስ?

ካዲስፍላይ የእሳት እራት የምትመስል፣ እድገቷን ውሃ ውስጥ የምትጨርስ ትንሽ በራሪ ናት። ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ስም ያልወጣላት አንዲት ብቻ ብትገኝስ? ምርጫው ሁለት ነው፦ በእሷ ብቻ ዝርያውን መሰየም፣ ወይም ሌሎች እስኪገኙ መጠበቅ።

መጠበቅ ጥቅም አለው። ናሙናው ሲበዛ የዝርያው መልክ የቱ፣ የግለሰቡ የቱ እንደሆነ ይለያል። እጩን (ገና ያላደገውን) ከአዋቂው ጋር ለማዛመድም ትኩስ ዲኤንኤ ያግዛል። የአሮጌ ናሙና ዲኤንኤ ብዙ ጊዜ የተቆራረጠ ነው።

ግን ወንዙስ ይጠብቃል ወይ? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሃይድሮፕሳይኬ ቶቢያሲ የተባለችውን የካዲስፍላይ ዝርያ እንይ። የነፍሳት ተመራማሪው ሃንስ ማሊኪ እ.ኤ.አ. በ1977 ስም ያወጣላት ከጀርመኑ የራይን ወንዝ ድሮ ከተሰበሰቡ ናሙናዎች ነው። ዛሬ ከጠፉት ዝርያዎች ተመዝግባለች። እነዚያ ናሙናዎች ባይመረመሩ ኖሮ መኖሯንም ባላወቅን ነበር። ያሳዝናል።

ስለዚህ ናሙናው ወንድ ከሆነ አሁኑኑ ይሰየም እላለሁ። የስያሜ ሕጉ አንድ ናሙናን ይቀበላል። ዝርያን የሚለየው በዋናነት የወንዱ ብልት ቅርጽ ነው። የሆዱ ጫፍ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ይነከራል፤ ለስላሳው ሥጋ ይሟሟል፣ ጠንካራው ክፍል በማይክሮስኮፕ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ከየአቅጣጫው በጥንቃቄ ይሳላል። ሥዕሉ ላይ መቸኮል የለም፤ ያቺ አንዲት ናሙና ከተበላሸች ምትክ የላትም።

ሴት ከሆነች ግን እኔም እጠብቃለሁ። በብዙ የካዲስፍላይ ወገኖች ሴቶቹን ከዘመዶቻቸው መለየት በጣም ያስቸግራል።