ሲሊንደር ማስፋት ወይስ ሞተር መቀየር?

50 ሲሲ ስኩተር ለድሬዳዋ ሜዳ አያንስም። በደንገጎ ሽቅብ ወደ ሐረር ሲሄዱ ግን ያቃስታል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል።

ርካሹ መላ የውስጥ ስፋቱ 39 ሚሊሜትር የሆነውን ሲሊንደር (ፒስተኑ የሚመላለስበትን) በ47 ሚሊሜትር መቀየር ነው። ወደ 72 ሲሲ ይጠጋል፣ ሻንሲው አይነካም። የካርቡራተሩ ጄት (ነዳጅ የሚያልፍበት ቀዳዳ) አብሮ ካላደገ ግን ነዳጅ ያጥረዋል። ያኔ ሞተሩ ይግላል፤ በድሬ ሙቀት ፒስተኑ ቢነክስ (ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቢቀር) አይገርምም። የቫሪያተሩን (በስኩተር ማርሹን በራሱ የሚቀይረውን ክፍል) ሮለሮች በቀለሉ መቀየርም ዳገት ላይ ያግዛል።

150 ሲሲ ሞተር መግጠም ሌላ ጣጣ ነው። ሞተሩ ከሻንሲው የሚገናኝበት ማሰሪያ በብየዳ ይስተካከላል። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም አይገጥምም። ፍሬኑስ? ለ50 ሲሲ የተሠራውን አምኖ ደንገጎን መውረድ እብደት ነው። ለከተማ 72ቱ ይበቃል። ሐረር የሚመላለስ ሰው ሸጦ 150 ቢገዛ ይሻለዋል።