እማዬን ለመለሰችልን እህት ምስጋና (ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላላችሁ)

ሰላም ሀበሾች፣ ይሄን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ብዙ ቆየሁ። እማዬ 74 ዓመቷ ነው፣ በፈረንጆቹ 2024 ላይ አንዱን ጥያቄ ሶስቴ አራቴ መጠየቅ፣ ወጥ ጥዳ መርሳት ስታበዛ ሀኪም ጋ ወሰድኳት፣ በስልክ አስተርጓሚ ሞካ የሚባለውን ከ30 የሚታረመውን የማስታወስና የማሰብ ፈተና ፈተኗት። ዓመተ ምህረቱ ስንት ነው ሲሏት 2016 አለች፣ ኤክስ። ሰዓት ይሳሉና 11 ሰዓት ከ10 ያድርጉት ሲሏት አጭሩን ቆጣሪ 5 ላይ አደረገችው፣ እሱም ኤክስ። መኪና ውስጥ አለቀስኩ፣ ወንድሜ ደግሞ "በቃ ጃጅታለች" ብሎ ደመደመ።

ከዛ ነው ሰው የጠቆመኝ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ለትልልቅ ሰዎች በአማርኛ ግሩፕ የምትመራ ሶሻል ወርከር አለች ብሎ። ወረቀቱን አየችና ሳቀች፣ "እማማ እኮ በሀገራቸው ሰዓትና በሀገራቸው ዘመን ነው የመለሱት!" እኔ ልጇ እንኳን አልታየኝም፣ አፈርኩ። ለሀኪሙ ደብዳቤ ጻፈችና እማዬ እንደገና ተፈተነች፣ ነጥቧ ከፍ አለ፣ ግን እንድታስታውስ ከተነገሯት አምስት ቃላት ሁለቱን ብቻ ነው ያስታወሰችው፣ ስለዚህ የማስታወስ መቀነሱ አለ፣ ዲሜንሻ (የመርሳት በሽታ) ግን አይደለም። ሁሉም ወደዛ አይሄድም፣ ባለበት የሚቆይም የሚሻለውም አለ ብላ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን፣ ቫይታሚን ቢ12ና ታይሮይድ፣ ጆሮዋም ይታይ አለች፣ ቢ12ቷ እውነትም ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ግሩፑ ስምንት ሰው ቢሆን ነው። ቡና ይፈላል፣ ገበጣ ይጫወታሉ፣ መድሃኒታቸውን በቀን በቀን መደርደር ይለማመዳሉ። አንድ ቀን እማዬ ስኳር ጨምሬያለሁ አልጨመርኩም ብላ ሲኒውን ይዛ ስትደነግጥ አንድ አባት "እኔማ ዛሬ እንዲህ ሆኜ ነው የመጣሁት" ብለው እግራቸውን ዘረጉ፣ አንዱ ጫማ ቡኒ አንዱ ጥቁር፣ ቤቱ በሳቅ አለቀ። ከቤት መውጣት አፍራ የነበረች ሴት አሁን ሰኞ ማታ ነጠላዋን አዘጋጅታ ነው የምትተኛው።

እኛን ልጆቹን ደግሞ ለብቻ ሰብስባ "ቅድም ነግሬሽ የለ" ማለት እንድናቆም አስተማረችን፣ እኔ እስካሁን ያመልጠኛል፣ ወንድሜ ግን ከኔ ይሻላል የሚገርመው።

ፓርኪንጉ ያስለቅሳል፣ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ክፍያ የለውም። ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ በሉኝ። ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ በኛ ሰዓት ማለቴ ነው።