ውሃ ላገኘችልን እህታችን ምስጋና

ከመቂ ወጣ ብሎ ባለው የቤተሰባችን መሬት ላይ ሁለት ደረቅ ጉድጓዶች አሉ። ልጆች እንዳይገቡባቸው በእሾህ አጥረናቸዋል። ያስቆፈረን ሁለት የነሐስ ሽቦ በእጁ ይዞ ማሳውን የዞረ ሰው ነው። ሽቦዎቹ መስቀል ሲሠሩ «ውሃው እዚህ ነው፣ 12 ሜትር ላይ ታገኙታላችሁ» አለን። አባቴ በሬ ሸጦ ከፈለ። 18 ሜትር ወርደን ያገኘነው ነጭ አቧራ ነበር። ሰውየው ተመልሶ መጣ፤ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ሌላ ቦታ አሳየን፣ ለዚያም እንደገና አስከፈለን። ሁለተኛውም ደረቅ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ስልክ አያነሳም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያዋን ያገኘናት በጎረቤት ጥቆማ ነው። እንደመጣች የጎረቤቶቻችንን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ዞረች። ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስራ ወደ ውስጥ እየለቀቀች ለካች፤ በበጋ ውሃው ምን ያህል እንደሚሸሽ ሽማግሌዎቹን ጠየቀች። ቀጥላ ብረት እየቸከለች ረጅም ሽቦ ዘረጋች፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ላከች። የዚያን ምስጢር እሷ ታውቀዋለች። የጠቆመችን እኛ ያላሰብነውን የማሳውን ታችኛ ጥግ ነው። 22 ሜትር ላይ ውሃ ወጣ! እናቴ እልል አለች።

ይህን ያስጻፈኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። እናቴ ያደገችው ወንጂ ነው። ጥርሷ በልጅነቷ በጠጣችው ውሃ በልዟል፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ባለሙያዋ ቡና ላይ ይህን አይታ «እማማ፣ ያደጉት የት ነው?» ብላ ጠየቀቻት፣ ሌላ ምንም አላለችም። ውሃው በወጣ ቀን ማንም ሳያዛት በሃይላንድ ቀድታ አዲስ አበባ ወሰደችና አስመረመረችልን። በሳምንቱ ደወለች። «ፍሎራይዱ፣ ያ ጥርስ የሚያበልዘው ማዕድን፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ነው። ሽንኩርቱን አጠጡበት፣ ልጆቹ ግን እንዳይጠጡት» አለችኝ። ብናፈላውስ ስላት «ማፍላት ያባብሰዋል እንጂ አያወጣውም» አለች። ለምርመራው አንድ ሳንቲም አልተቀበለችም። ዝም ብትል ኖሮ ማን ያውቅባት ነበር? አሁን የሚጠጣውን በጀሪካን ከከተማ እናመጣለን። የልጆቼ ጥርስ ነጭ ነው።

ጉድጓድ ለማስቆፈር ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ በሬያችሁን ከመሸጣችሁ በፊት እሷን ጥሩ። እደግመዋለሁ፣ እሷን ጥሩ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። እናቴ ከመጀመሪያው ሽንኩርት አንድ ኬሻ ለይታ አስቀምጣልሻለች፤ መጥተሽ ውሰጂ።