ኤ3፣ ጎልፍ ወይስ ኦክታቪያ? ለአርማው ስንት ትከፍላላችሁ?

«ኦዲ ኤ3 ልግዛ ወይስ ጎልፍ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል። ስኮዳ ኦክታቪያ ግዙ። ካልቸኮላችሁ ምክንያቱ ከታች አለ።

የማወራው እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ስለወጡት ስለ ጎልፍ 5፣ ስለ ሁለተኛው ትውልድ ኤ3 እና ስለ ኦክታቪያ 2 ነው። ሦስቱም የፎልክስዋገን ቤት ልጆች ናቸው፤ ፒኪው35 በሚባል አንድ መሠረት ላይ ተሠርተዋል። ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ብትለኩ ሦስቱም ጋ 2,578 ሚሊ ሜትር ታገኛላችሁ። 102 ፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1.6 ቤንዚንም፣ 1.9 ናፍጣውም ሦስቱም ውስጥ ገብቷል። የኤ3 ውስጡ ያምራል፣ በሩም ሲዘጋ ድምፁ ደስ ይላል። ይህን አልክድም፤ እኔንም ያስገዛኝ እሱ ነው።

ሒሳቡ የገባኝ የፊት ታችኛው ክንድ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ላስቲኩ ሲያልቅ ነው። ሱቅ ሄጄ «የኦዲ ኤ3» አልኩ። በማግስቱ ጓደኛዬን ልኬ «የጎልፍ 5» እንዲል አደረግኩት። ያው ሱቅ፣ ያው መደርደሪያ፣ ያው ዕቃ፤ የተነገረው ዋጋ ግን ለእኔ ከተነገረኝ ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው። በሁለት ቃል ልዩነት!

ከዚያ የባሰውን ስህተት ደግሞ ራሴ ሠራሁ። ሻጩ ሁለት ክንድ አወጣልኝ። አንዱ ላይ አርማ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ በሞላ ተፍቋል፣ ብረቱ ሸካራ ሆኖ ይታያል። ሌላው ላይ አራቱ የኦዲ ቀለበቶች ቁልጭ ብለው ወጥተዋል፤ ካርቶኑም ያብረቀርቃል። የተፋቀውን «ይሄማ ፎርጅድ ነው» ብዬ መለስኩና ባለ ቀለበቱን በውድ ገዛሁ። ሦስት ወር ሳይሞላው ላስቲኩ ተሰንጥቆ ክንዱ መንኳኳት ጀመረ። ለካ የተፋቀው ነበር እውነተኛው። ለመኪና አምራቹ የሚያቀርበው ፋብሪካ ያንኑ ዕቃ በራሱ ስም ሲሸጥ የአምራቹን አርማ መጠቀም ስለማይፈቀድለት ፍቆ ያወጣዋል። አስመሳዩ ግን ማን ይከለክለዋል? አርማውን አሳምሮ ያትማል። የመግጠሚያ እጅ ዋጋና የጎማ ማስተካከያ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ከዚያ ወዲህ የማየው የዕቃውን መለያ ቁጥር ብቻ ነው። የግራው ክንድ 1ኬ0 407 151 ነው፣ የቀኙ 152፤ ጎዶሎ ለግራ፣ ሙሉ ለቀኝ። 1ኬ ማለት መጀመሪያ ለጎልፍ 5 የተሠራ ማለት ነው። ዕቃው ኤ3 ውስጥ ቢገኝም ቁጥሩ አይለወጥም። 8ፒ ብሎ ከጀመረ የኤ3 የራሱ ነው፣ 1ዜድ ከሆነ የኦክታቪያ። መሀል ላይ ያለው ቁጥር በ4 ሲጀምር የፊት እግር፣ በ8 ሲጀምር ቦዲ፣ በ9 ሲጀምር ኤሌክትሪክ ነው።

ኦዲው ጉድ የሚያደርገው የመሀል ቁጥራቸው በ8 እና በ9 የሚጀምሩት ላይ ነው። መብራት፣ ፓራውልት፣ መስታወት፣ የውስጥ ጌጥ፤ እነዚህ ከማንም ጋር አይጋሩም። አንድ የኤ3 የፊት መብራት ስጠይቅ የተነገረኝ ዋጋ የኦክታቪያን ሁለቱን ገዝቶ ፍሬን ሸራ ይጨምራል። ጎልፍ በቦዲ ዕቃ ይረክሳል፣ አስመሳይም በእሱ ላይ ይበዛል፤ የገዛሁት የጎልፍ ፓራፋንጎ ከኮፋኖው ጋር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ነበር። እሱንም አልመርጠውም፣ ከኤ3 ግን ይሻላል።

አንድ ቤት ናቸው ብላችሁ ሁሉንም ነገር በጭፍን አትግዙ። የፊት ፍሬን ዲስክ 280፣ 288 ወይም 312 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ያውም በአንድ ሞዴል ውስጥ። አሮጌውን አስፈትታችሁ ለኩ።

የሚጋሩት ደግሞ ደግ ደጉን ብቻ አይደለም። ባለ 7 ማርሹ ደረቅ ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮ ሦስቱም ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኩባንያው ዘይቱን ለማስቀየር 1.6 ሚሊዮን ያህል መኪና ሲጠራ ኦዲውም ስኮዳውም አብረው ተጠርተዋል። ለኦዲ የተለየ ካምቢዮ አልተሠራለትም። ስለዚህ ማንዋል፣ 1.6 ቤንዚን፣ ኦክታቪያ። ሻንጣ ማስቀመጫውም 560 ሊትር ነው፣ ጎልፉ 350 ላይ ይቆማል።

እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ኤምኪውቢ በሚባለው መሠረት ላይ የተሠሩት ይለያሉ። እዚያ ከፔዳሉ እስከ ፊት ጎማው መሀል ያለው ርቀት ነው የማይነካው፣ የቀረው ይሳባል። ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ጎልፍ 7 ላይ 2,637 ሚሊ ሜትር ሲሆን ኦክታቪያ 3 ላይ 2,686 ነው። ብዙ ቁጥሮች በ5ኪው ይጀምራሉ፤ አነባበቡ ግን ያው ነው።

ሱቅ ስትገቡ የመኪናውን ስም አትጥሩ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ አሳዩ፤ «የምንድን ነው?» ካሏችሁ «የጎልፍ» በሉ፣ የኦዲውን ቁልፍ ኪሳችሁ ከታችሁ።