ያገለገለ ካኖን 6ዲ ወይስ ሶኒ ኤ6400? ለሰርግና ለፕሮግራም ሥራ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው

ሁለተኛ እጅ ካሜራ ፍለጋ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ ቺፕ) ያለው የቆየ ዲኤስኤልአር (ባለ መስተዋት ካሜራ) ልግዛ ወይስ ትንሽና ቀለል ያለ ሚረርለስ (መስተዋት የሌለው)? ለዚህ ግምገማ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ወስደናል፤ በ2012 የወጣውን ካኖን 6ዲ እና በ2019 የወጣውን ሶኒ ኤ6400 (ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። 6ዲ ፉል ፍሬም (ሰፊ ሴንሰር ያለው) ሆኖ 20.2 ሜጋፒክስል ነው። ኤ6400 በኤፒኤስ-ሲ (ከዚያ አነስ ባለ) ሴንሰር 24.2 ሜጋፒክስል ያነሳል። የሜጋፒክስሉን ልዩነት እርሱት፤ ታትሞ አልበም ውስጥ ሲገባ ማንም አይለየውም።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ ክርክር የለም፣ ኤ6400 ነው። ፎቶ ብቻ ከሆነና አብዛኛው ሥራችሁ አዳራሽ ውስጥ ወይም ማታ ከሆነ ግን 6ዲ ከጥሩ ሌንስ ጋር ዛሬም ገንዘቡን ያወጣል። ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን የሚሠራ ሰው እንደገና ወደ ሶኒው ያዘነብላል፤ ምክንያቱ ደግሞ ብዙዎች እንደሚገምቱት ክብደቱ ብቻ አይደለም።

የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ ፍሬሙን ሲሞሉት የማንኛውም ካሜራ ብርሃን መለኪያ ይታለላል። መለኪያው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚጎትተው ነጩ ይጠቁራል፣ ከነጩ ጋር ፊቱም ይጠቁራል። መድኃኒቱ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (የብርሃን ማስተካከያውን) ከ+2/3 እስከ +1 ከፍ ማድረግ ነው። የሚያስቸግረው የቱ ጋ ማቆም እንዳለባችሁ ማወቁ ነው። በ6ዲ ቪውፋይንደር የምታዩት በመስተዋት የተንጸባረቀውን ትዕይንት እንጂ ሊወጣ ያለውን ፎቶ ስላልሆነ፣ ነጩ መቃጠሉን የምትረዱት ካነሳችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ የሃይላይት ማስጠንቀቂያውን አብሩት፤ ፎቶውን መልሳችሁ ስታዩ የተቃጠለው ቦታ ብልጭ ድርግም ይላል። ኤ6400 ላይ ዚብራውን (ሊቃጠል የደረሰ ቦታ ላይ መስመር የሚያሳየውን ቅንብር) 100+ ላይ አድርጋችሁ፣ ነጠላው ላይ መስመሮቹ እስኪታዩ ብርሃኑን ጨምሩ፤ ከዚያ በ1/3 ቀንሱ። ሁሉም ነገር ሻተሩን ሳትጫኑ አለቀ።

ቀጥሎ ያለው ልዩነት ኤዲቲንግ ላይ ይታያል። ነጩን ለማዳን ብርሃን ቀንሳችሁ ካነሳችሁ ጥቁር ወይም ጠይም ፊቱን በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብረው ያስቀመጠው ጥሬ ፋይል) ላይ ማንሳት ግድ ነው። የ6ዲ ሴንሰር በአይኤስኦ (የብርሃን ትብነት ቁጥር) 100 እና 200 ጥላውን ከሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) በላይ ስታነሱት ቀይ ቀይ ነጠብጣብና የመስመር ቅርጽ ያለው ኖይዝ ያወጣል። የዚያ ዘመን የካኖን ሴንሰሮች የጋራ ድክመት ነው። ኤ6400 ግን በዝቅተኛ አይኤስኦ ጥላውን በጣም ንጹህ አድርጎ ያነሳል። ጥምቀት ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ስትወርድ፣ ፊት በጥላ ነጠላ በብርሃን ሲሆን፣ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። 6ዲ ላይ ሃይላይት ቶን ፕራዮሪቲ የሚባለው ቅንብር ጥቂት ያግዛል፤ ነገር ግን ዝቅተኛውን አይኤስኦ ወደ 200 ከፍ ያደርገዋል፣ ጥላውንም ትንሽ ያባብሰዋል። የሚሻለው ፍላሽ ወይም ነጭ ሪፍሌክተር ፊት ላይ መምታት ነው።

አዳራሽ ስትገቡ ሚዛኑ ይገለበጣል። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋት ከኤፒኤስ-ሲው 2.3 እጥፍ ገደማ ነው። በአንድ ዓይነት አፐርቸር (በኤፍ ቁጥር የሚገለጸው የሌንስ ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦ ሲያነሱ 6ዲ ከአንድ ስቶፕ ትንሽ የሚበልጥ ጥቅም ይዞ ይነሳል። የሶኒው አዲስነት ይህን በከፊል ያጠብበዋል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ከአይኤስኦ 3200 ወደ 6400 ሲኬድ የ6ዲ ፎቶ ቀለሙ ይጠበቃል፣ ኖይዙም ደቃቅ ነው።

ፎከስ ላይ ነገሩ ድብልቅልቅ ይላል። 6ዲ 11 የፎከስ ነጥብ ብቻ አለው። ከእነዚህ ክሮስ (በአግድምም በቁመትም መስመር የሚይዝ) የሆነው መሃለኛው አንዱ ነው፤ እሱም እስከ -3 ኢቪ ድረስ ያያል፣ ማለትም በሻማ ብርሃን እንኳ ይይዛል። የቀሩት አሥሩ በደብዛዛ ብርሃን ወዲያ ወዲህ እያሉ ያስቸግራሉ። ስለዚህ ፎቶ አንሺው በመሃለኛው ነጥብ ዓይን ላይ ፎከስ አድርጎ ካሜራውን ወደ ፈለገው ቅንብር ያዞራል። ይህ ዘዴ በ85 ሚ.ሜ ሌንስ በኤፍ 1.8 በ2 ሜትር ርቀት ሲሆን አደጋ አለው። ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 6 ሴ.ሜ ገደማ ነው፤ ከዓይን በፊት ያለው ግማሽ 3 ሴ.ሜ ሲሆን፣ ካሜራውን 8 ዲግሪ ማዞር ብቻ 2 ሴ.ሜውን ይበላዋል። ሙሽራዋ ትንሽ ካዘነበለች ጆሮዋ ጥርት ብሎ ዓይኗ ይደበዝዛል። ኤፍ 2.8 ላይ ብትሠሩ ይሻላል። ኤ6400 ግን 425 የፌዝ ዲቴክሽን ነጥቦቹ አብዛኛውን ፍሬም ስለሚሸፍኑት ዓይንን ራሱ ይከታተላል፤ ኤኤፍ-ሲ (ተከታታይ ፎከስ)፣ ትራኪንግ፣ የፊትና የዓይን ቅድሚያ “ኦን” ካላችሁ በኋላ የቀረው ሥራ ቅንብር ብቻ ነው። የዲጄ መብራት ብቻ በሚበራበት ጨለማ ግን የሶኒው ኤሌክትሮኒክ ማያ በኖይዝ ይሞላል፣ ምስሉም ከእንቅስቃሴው ወደ ኋላ ይጎተታል። የ6ዲ መስተዋት ይህ ችግር የለበትም።

ቅዳሴ ወይም ተክሊል ለምታነሱ፣ ኤ6400 ያለ ምንም ድምፅ ያነሳል። 6ዲ የሳይለንት ቅንብሩ ድምፁን ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ነገር ግን የሶኒው ድምፅ አልባ ሻተር ሴንሰሩን ቀስ ብሎ ስለሚያነብ በኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ ጥቁር አግድም መስመሮች ይወጣሉ፤ ከበሮ የሚመታ እጅም ይጣመማል። መብራቱ ኤልኢዲ ከሆነ መጀመሪያ ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ሞክሩት፤ መስመሩ ካልጠፋ ወደ ሜካኒካሉ ተመለሱ።

ቪዲዮ ላይ 6ዲን ማወዳደር ራሱ ግፍ ነው። እየቀረጸ ሰው አይከተልም፣ ፎከሱን በእጅ ማዞር ግድ ነው። የመጨረሻ ጥራቱ 1080 ነው፣ አንድ ቀረጻም ከ29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ አያልፍም። ከሁሉም የከፋው ጥለት ነው። 6ዲ ለቪዲዮ የሴንሰሩን መስመሮች እየዘለለ ስለሚያነብ፣ የቀሚስ ጥለት ወይም ደቃቅ ሽመና ላይ የሚንቀሳቀስ ቀስተ ደመና መሰል ሞገድ ይፈጥራል። ኤዲቲንግ ላይ የሚጸዳ ነገር አይደለም። ኤ6400 በ4ኬ 25 ፍሬም የሴንሰሩን ሙሉ ወርድ አንብቦ አሳንሶ ስለሚያወጣ ጥለቱ ንጹህ ነው። 30 ፍሬም ካደረጋችሁት ግን ምስሉን በ1.2 ገደማ ይቆርጠዋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በማንኛውም መልኩ ፓል (የ50 ኸርዝ አገሮች የቪዲዮ ሥርዓት)፣ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ አለዚያ የፍሎረሰንት መብራት ይርገበገባል። ከኤንቲኤስሲ (የ60 ኸርዙ ሥርዓት) ወደ ፓል ስትቀይሩ ሜሞሪ ካርዱን ፎርማት ማድረግ እንደሚጠይቅ አትርሱ፤ ዝግጅቱ መሃል ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ሶኒውም ነቀፌታ አለበት። ቦዲው ውስጥ ስታቢላይዘር የለም፣ በእጅ ይዛችሁ ስትራመዱ ያስታውቃል። ስክሪኑ ወደ ላይ ስለሚገለበጥ ማይክ ፍላሽ ጫማው (አናቱ ላይ ያለው የፍላሽ መሰኪያ) ላይ ስትሰኩ ይሸፈናል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም (6ዲም የለውም)፣ ስለዚህ የሰርግ ድምፅ የሚቀርጽ ሰው ለብቻው ሪከርደር ይያዝ። ረጅም 4ኬ ቀረጻ ላይ እንዳይጠፋ የሙቀት መዝጊያ ቅንብሩን “ሃይ” አድርጉት፣ ስክሪኑንም ከቦዲው ነጥላችሁ ያዙት።

ባትሪ ላይ 6ዲ ያለ ጥርጥር ይበልጣል፤ በመደበኛው መለኪያ በአንድ ኤልፒ-ኢ6 ባትሪ 1,090 ፎቶ፣ ኤ6400 በቪውፋይንደር 360 ብቻ። ለአንድ ሙሉ ሰርግ ሶኒው ቢያንስ አራት ባትሪ ይፈልጋል። የሚያካክሰው፣ መብራት ሲጠፋ ኤ6400 ከፓወር ባንክ በማይክሮ ዩኤስቢ መሥራትም መሞላትም መቻሉ ነው። 6ዲ የግድ ቻርጀሩን ይላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ስህተት የሚሠራው አብዛኛው ገዢ ቦዲውን ብቻ አወዳድሮ ሌንሱን የሚረሳ ነው። ኤ6400 ከ16-50 ኪት ሌንሱ ጋር ተገዝቶ አዳራሽ ከገባ 6ዲን ከ50 ሚ.ሜ ኤፍ 1.8 ጋር በፍጹም አይደርስበትም፤ ሌንሱ 50 ላይ ሲደርስ ኤፍ 5.6 ነውና። ሶኒውን የሚያሳምረው ሲግማ 30 ሚ.ሜ ኤፍ 1.4 ወይም ሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ነው። የ18-50ው ሌንስ 290 ግራም ነው፣ ከቦዲው ጋር 700 ግራም አይሞላም፤ 6ዲ ከ24-105 ኤፍ 4 ጋር ግን 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። በሌላ በኩል የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ከ1987 ጀምሮ የተሠራ ስለሆነ ያገለገለው በየቦታው አለ፤ 50 ሚ.ሜ እና 85 ሚ.ሜ ኤፍ 1.8 ብቻ ይዞ የሰርግ ሥራ መጀመር ይቻላል። ኢኤፍ-ኤስ የሚል (ለኤፒኤስ-ሲ የተሠራ) ሌንስ ግን 6ዲ ላይ አይገጥምም። ነገ ወደ ካኖን ሚረርለስ ብትዛወሩ ኢኤፍ ሌንሶቹ በአዳፕተር ኦቶፎከሳቸው ሳይጎድል ይሠራሉ።

6ዲ ስትገዙ እነዚህን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ሻተሩ ለ100,000 ጊዜ የተገመተ ነው፣ ቁጥሩ ግን ፎቶው ፋይል ውስጥ አይጻፍም። ሻጩ የፋይሉን ስም አሳይቶ “ገና 3,000 ነው” ቢላችሁ አትመኑ፤ ያ ቁጥር 9,999 ሲደርስ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ካሜራውን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል። 24-105 አብሮ ከመጣ፣ 24 ሚ.ሜ ላይ አድርጋችሁ በኤፍ 4 አንሱ፣ ቀጥሎ በኤፍ 8። በኤፍ 4 ሰላም ሆኖ በኤፍ 8 “ኤረር 01” ካለ የአፐርቸሩ ፍሌክስ ኬብል ሊቆረጥ ነው ወይም ተቆርጧል፤ የዚህ ሌንስ የታወቀ በሽታ ነው። መጀመሪያ የወርቅ ቀለም ያላቸውን ንክኪዎች በደረቅ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፣ ካልተሻለው ዋጋው ላይ የኬብል ቅየራውን ቀንሱ። ከዚያ በኤፍ 16 ነጭ ግድግዳ ፎከስ አጥፍታችሁ አንሱና አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ ጥቁር ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ ነው። ብሎወር (አየር መንፊያ) ካላነሳው በስዋብ (የሴንሰር መጥረጊያ) ይጠረጋል፤ የፉል ፍሬም ስዋብ 24 ሚ.ሜ ስፋት ያለው፣ የኤ6400 ደግሞ 16 ሚ.ሜ ነው። በአፍ መንፋት ምራቅ መርጨት ነው።

አቧራ ካነሳን፣ ኤ6400 ሌንሱ ሲነሳ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ተጋልጦ ይቀራል፤ 6ዲን መስተዋቱና ሻተሩ ይከልሉታል። በበጋ አቧራ ሜዳ ላይ ሌንስ የምትቀይሩ ከሆነ ሶኒውን አፉን ወደ መሬት ደፍታችሁ፣ አጥፍታችሁ ቀይሩ።

ከውጭ የምታስመጡ፣ ወይም ዘመድ ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ፣ ሶኒው ለጃፓን ገበያ የተሠራ አለመሆኑን አስጠይቁ፤ እሱ ሜኑው በጃፓንኛ ብቻ ነው፣ አይቀየርም። በአካል ካገኛችሁት ደግሞ የማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳው ላይ ኬብል ሰክታችሁ ነቅንቁት፤ የኪት ሌንሱንም ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ፣ ሞተሩ አቧራ አይወድም። ስቱዲዮ ውስጥ በማኑዋል ፍላሽ ስትሞክሩት ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ አልተበላሸም፤ ላይቭ ቪው ዲስፕሌይ የሚለውን “ሴቲንግ ኢፌክት ኦፍ” አድርጉት።

ሻጮች በኤ6400 ምትክ ካኖን ኤም50 ሊያቀርቡላችሁ ይችላሉ። በ4ኬ ምስሉን በጣም ይቆርጣል፣ ጥሩው ኦቶፎከሱም በ4ኬ አይሠራም። የኢኤፍ-ኤም ሌንሱ መስመር ተቋርጧል፣ ሌንሶቹም ወደ አዲሶቹ የካኖን አርኤፍ ቦዲዎች አይተላለፉም፤ በጣም ከረከሰ ካልሆነ እለፉት። በ2023 የወጣው አር50 ይሻላል፣ ሆኖም ፍላሽ ጫማው ላይ የድሮዎቹ ንክኪዎች ስለሌሉ የነበራችሁ የካኖን ስፒድላይት (ፍላሽ) ያለ ኤዲ-ኢ1 አዳፕተር አይበራም፤ ዋጋ ስትጠይቁ አዳፕተሩንም አብራችሁ ጠይቁ።