የዘይት ፍሳሽ ፍለጋ፦ አጥቦ ፓውደር ወይስ ቀለምና መብራት?

አቦ ያገለገለች ሴሊካ (የቶዮታ መኪና) ገዝቼ ድሬ ባስገባኋት በሳምንቷ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር አቁሜያት ስመለስ መሬቱ ላይ ሳንቲም የምታክል ጥቁር ጠብታ፣ ልቤ ወረደ። ጋራዥ ወሰድኳት፣ መካኒኩ ገና ከስር አጎንብሶ እንዳየ "ካምቢዮ ይወርዳል፣ የክራንኩ የኋላ ሲል ነው" አለኝ (ካምቢዮ ማለት የማርሽ ሳጥኑ ነው፣ ሲሉ ደግሞ ክራንኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ከኋላ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ማሸጊያ)። ቆይ መጀመሪያ እንፈልግ አልኩት።

አንዱ መንገድ ሞተሩን አጥቦ (ኤሌክትሪኩን በላስቲክ ሸፍኖ)፣ አድርቆ የቤቢ ፓውደር ነስንሶ ትንሽ መንዳት ነው። ርካሽ ነው፣ ፓውደሩ የረጠበበትን ታያለህ፣ ግን ስትነዳ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ከታች የረጠበው ቦታ ምንጩ ላይሆን ይችላል፣ ሁሌ ከላይ ነው መጀመር ያለብህ።

ሌላው ዘይቱ ውስጥ ልዩ ቀለም ጨምሮ ነድቶ በአልትራቫዮሌት መብራት ማየት ነው፣ የሚፈስበት መስመር ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ለቀስታ ፍሳሽ እሱን የሚያክል የለም፣ ብቻ በድሬ ጠራራ ፀሐይ ምንም አይታይህም፣ ሲመሽ ጠብቅ። መጀመሪያ ካላጠብከው ደግሞ የድሮው ቆሻሻ ያደናግርሃል።

እኔ በፓውደሩ ጀመርኩ፣ አልለይ ሲለኝ ቀለሙን ጨመርኩ። ማታ መብራቱን ስናበራ መስመሩ ከላይ ከቫልቭ ከቨሩ ጋስኬት (የሞተሩ የላይ ክዳን ማሸጊያ) ተነስቶ በሞተሩ ጎን ወርዶ ካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ይንጠባጠባል። መካኒኩ ዝም። ጋስኬቱን ብቻ ቀየርን፣ ካምቢዮው አልወረደም።